ደመወዙ ብቻ አይደለም፣ መልስ የሚሰጠንም አጥተናል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ደመወዝና ኑሮ የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። በርቱ፣ ቀጥሉበት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን አንድ ነገር እየተዘለለ ስለመሰለኝ ነው። መምህሩም ሆነ የአስተዳደር ሠራተኛው የሥራ ፍላጎቱ የጠፋው ደመወዙ ስላነሰ ብቻ ነው ከተባለ፣ ደመወዙ የተስተካከለ ቀን ሁሉም ነገር ይስተካከላል ማለት ነው። አይስተካከልም። የምሠራበትን ግቢ አውቀዋለሁ፣ አይስተካከልም።

በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ ሌላ ግቢ ያሉ ጓደኞቼ ሲያወሩ የምሰማው ያንኑ ስለሆነ የአንድ ተቋም ገመና አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም።

በደመወዙ ልጀምር፣ እሱን ዘልዬ ባልፍ ነገሩን ያቃለልኩት ይመስላል። ኅዳር 2015 ላይ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥራ እስከማቆም የደረሱት ቅንጦት አምሯቸው አይደለም። ኑሮው አልገፋ ብሏቸው ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ ወዲህ የደመወዝ ጭማሪ ተደርጓል፣ እውነት ነው፣ ግን ጭማሪው እጃችን ሳይገባ ገበያው ቀድሞ ይወስደዋል። በእኛ ትምህርት ክፍል ሁለተኛ ሥራ የሌለው መምህር ጥቂት ነው። አንዱ ቤት ለቤት እየዞረ ያስጠናል፣ አንዱ ባጃጅ ገዝቶ በሹፌር ያሠራል፣ አንዱ ለግብረ ሰናይ ድርጅት መረጃ ይሰበስባል። ይህ መስተካከል አለበት። ለነገ የሚባል አይደለም።

ግን ደመወዛችን ያው ሆኖ ሳለ በሙሉ ልባችን የሠራንበት ጊዜ አለ። ለምን ይሆን?

መጋቢት 2012ን አስታውሱ። በወሩ 4ኛ ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ፣ ወዲያው ትምህርት ተዘጋ፣ ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሸኙ። ግቢው ጭር አለ። ሳኒታይዘር ከገበያ ጠፋ፣ የተገኘውም ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። በዚያን ሰሞን የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ ሙከራዎች ሳኒታይዘር ማምረት ጀመሩ። እኛም ጀመርን። የሠራነው የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ቀመር ነው። ለአሥር ሊትር 8,333 ሚሊ ሊትር ባለ 96 ከመቶ ኢታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 145 ሚሊ ሊትር ግሊሰሮል፣ ቀሪውን በተጣራ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ መሙላት ነው። ቀመሩ ቀላል ነው፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪም ይሠራዋል። ከባዱ ሌላው ነው። አልኮሉ ከየት ይምጣ? ባዶ ጠርሙስ ከየት ይገኝ? ማን ይጠብ፣ ማን ይሙላ፣ ማን ያድርስ? ተሞልቶ ካለቀ በኋላም ለ72 ሰዓት ሳይነካ ይቀመጣል፣ በአልኮሉ ወይም በጠርሙሱ የመጣ ጀርም ካለ እንዲሞት። ያን ሦስት ቀን እንኳ መጠበቅ የከበዳቸው ጤና ጣቢያዎች ነበሩ፣ እየደወሉ ይለምኑናል።

እዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ የነበረውን ሰው ዓይነት ልንገራችሁ። ዶክተሩ ጠርሙስ ያጥባል። የጽዳት ሠራተኞቻችን ጠርሙሱ ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይመዘግባሉ። በሌላ ጊዜ አንድ ካርቶን የማጣሪያ ወረቀት ለመግዛት ወራት የሚያስጠብቀን የግዥ ክፍል፣ ሠራተኛው በራሱ ስልክ እየደወለ፣ በራሱ እግር እየዞረ ጄሪካኑን በሁለት ቀን አስገባ። ዲኑ ማታ ማታ እየመጡ ምን ጎደለ ይላሉ፣ የጎደለውን በነጋታው ይዘው ይመጣሉ። የትርፍ ሰዓት የተከፈለው ሰው የለም። የጠየቀም የለም። ሰዉ ቢሄድ ማንም በማይቆጣው ሰዓት ቁጭ ብሎ ይሠራ ነበር።

ምን ተለየ? ሥራው የት እንደሚደርስ ይታየናል። የጠየቅነው ነገር በዚያው ቀን መልስ ያገኛል፣ የለም ቢባል እንኳ የለም ይባላል። ማን ዶክተር፣ ማን ጽዳት ነው የሚል ሰው አልነበረም። ሦስቱም የደመወዝ ጉዳይ አይደሉም። ተማሪ ተመለሰ፣ ግቢው ወደ ቀድሞው ተመለሰ፣ እኛም ወደ ቀድሞው ተመለስን። ያው ሰዎች፣ ያው ቤተ ሙከራ። ሰነፍ ሕዝብ ነው እየተባለ ሲወራ ደሜ የሚፈላው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ጥናት ፒትስበርግ አካባቢ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን ጠይቆ ነበር። ሰውን ከሥራው የሚያስኮርፈው ነገርና ሰውን ለሥራ የሚያነሳሳው ነገር ለየብቻ ናቸው ይላል። ደመወዝ፣ የአለቃ አያያዝና የመሥሪያ ቤት ደንብ ሲበላሹ ያስኮርፋሉ፤ ሲስተካከሉ ግን ኩርፊያው ይቀራል እንጂ ተነሳሽነት በራሱ አይመጣም። ተነሳሽነት የሚመጣው አንድ ነገር ሠርቶ ከማየት፣ ሥራህ ከመታወቁና ከሥራው ከራሱ ነው። አሳቡ ብዙ ተተችቷል፣ እኔም ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም፣ ምክንያቱም እነዚያ ሰዎች የቤት ኪራያቸው የተከፈለላቸው ሰዎች ነበሩ፣ የእኛ ሰው ግን ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያስበው ስለ ወሩ መጨረሻ ነው። ሆኖም መጋቢት 2012ን ሳስብ ይህ ሰው ያየው አንድ እውነት እንዳለ ይገባኛል።

አሁን ወደ ዘወትሩ ኑሯችን ልመለስ።

ያን ሳኒታይዘር ሲሠሩ ከነበሩት አንዱ የቤተ ሙከራ ቴክኒሽያናችን ናቸው። ዕድሜያቸው ጠና ያለ ስለሆነ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የውሃ ማጣሪያ ማሽናችን ተበላሽቶ ከዓመት በላይ ተቀመጠ። የጥገና ጥያቄ ተጻፈ፣ መልስ የለም። እንደገና ተጻፈ፣ መልስ የለም። ተማሪው ሙከራውን ሳይሠራ ቁጥሩን ከቀድሞ ተማሪ ሪፖርት እየገለበጠ ያስረክባል፣ እኛም እያወቅን እንቀበላለን፣ ምን እናድርግ። ጋሼ አንድ ቅዳሜ መጡና ማሽኑን ከፈቱት። የተቃጠለው ውሃውን የሚያፈላው ብረት ነበር። ከተማ ወርደው ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የሚመስለውን ፈልገው፣ ከኪሳቸው ከፍለው፣ በመጋዝ ልኩን አስተካክለው ገጠሙት። ሰኞ ጠዋት ውሃው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡላቸው።

ብዙ ሳይቆይ ከንብረት አስተዳደር ደብዳቤ መጣ። የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ ስለከፈቱ በጽሑፍ ምክንያታቸውን እንዲያስረዱ ነበር የሚለው። ጋሼ በእጅ ጽሑፋቸው አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈው አስገቡ። ለእሱም መልስ አልመጣም። ደብዳቤው ግን ከማኅደራቸው ውስጥ አለ። የንብረት ክፍሉን ሰዎች አልወቅስም፣ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው፣ ደንቡም ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ማንም እየተነሳ ዕቃ ቢፈታ ግቢ ውስጥ ዕቃ አይተርፍም። የሚያሳዝነኝ አንድም ሰው ከቢሮ ወጥቶ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ማሽኑ ይሠራል ወይስ አይሠራም ብሎ ለማየት አለመምጣቱ ነው። ሁለት ደቂቃ አይወስድም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ዕቃ ሲበላሽ ፎርም ይሞላሉ፣ ፈርመው ያስገባሉ፣ ይቀመጣሉ። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ይባል የለ፣ እሳቸው እሾሁን ማጠር አቆሙ። አዲስ የተቀጠሩት ሁለት ወጣት ቴክኒሽያኖች ይህን አይተዋል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም፣ ግን የመጀመሪያው ትምህርታቸው ይህ ሆነ። የሥራ ባህል የሚባለው ነገር የሚተላለፈው እንዲህ ነው። በር ላይ የሚለጠፈው ራዕይ፣ ተልዕኮና ዕሴት የሚባለው ወረቀት ላይ እኮ ፈጠራን ማበረታታት የሚል አለ። ወጣቶቹ ግን የሚያነቡት ጋሼን ነው።

የሥራ አፈጻጸም ምዘናውን ደግሞ ተመልከቱ። በእኛ ግቢ መምህር የሚመዘነው ከተማሪ 50፣ ከትምህርት ክፍል ኃላፊ 35፣ ከባልደረባ 15 ነጥብ ተደምሮ ነው። አሠራሩ ሲታይ መልካም ነው። በተግባር ግን ሁሉም ከዘጠና በላይ ነው የሚያገኘው። ኃላፊው ለምን ጠላት ላፍራ ይላል፣ ባልደረባም ነገ እሱም ይመዝነኛል ይላል። የዛሬ ስንት ዓመት የተዘጋጀ ሃንድአውት ይዞ ገብቶ አንብቦ የሚወጣ መምህር አለን። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ልጆችን ይዛ እስከ ምሽት የምትቆይ፣ የራሷን ላፕቶፕ ለተማሪ የምታውስ መምህርትም አለችን። በወረቀት ላይ ልዩነታቸው ከነጥብ በኋላ ያለ ቁጥር ነው። ውጤቱን አይታ ምንም አላለችም። በዓመቱ ግን ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ መቆለፍ ጀመረ።

እሷን ሰነፈች ለማለት ማን አፍ አለው? የምትፈልገው ሽልማት አልነበረም። ኃላፊው አንድ ቀን ጠርቶ፣ የምትሠሪውን አይቻለሁ፣ ምን ይጎድልሻል ቢላት ይበቃት ነበር። ምዘና ማለት መነጋገር ነው ብዬ አምናለሁ። የእኛ ምዘና ግን በአንድ ከሰዓት ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ ወደ ካቢኔት የሚገባ ወረቀት ነው።

ለዚህ ለዚህማ ስንት ዓይነት ለውጥ መጥቶልን ነበር። ቢፒአር (የአሠራር ሂደት ለውጥ) መጣ፣ ቢኤስሲ (ውጤት ተኮር ምዘና) መጣ፣ 1 ለ5 የሚባለው ሠራተኛን በትንንሽ ቡድን የማደራጀት አሠራር መጣ፣ ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የማሻሻያ ዘዴ መጣ። አሁን ደግሞ በኬፒአይ (ቁልፍ የአፈጻጸም አመልካች) ላይ ነን። ሁሉም ሲመጣ ሥልጠና አለ፣ የቀን አበል አለ፣ አዲስ ፎርም አለ። አሳቦቹ በራሳቸው መጥፎ አይደሉም። ካይዘን ለምሳሌ መነሻው ሥራውን የሚሠራው ሰው የሚያቀርበው የማሻሻያ አሳብ ነው፣ እንደ ጋሼ ያለ ሰው ነው መሐል ላይ የሚቀመጠው። እኛ ጋ የመጣው ግን ከላይ ወደ ታች ነው፤ አሳቡ ቀርቶ ፎርሙ ብቻ ደረሰን። 1 ለ5ማ ጭራሽ የጎሪጥ የሚያስተያየን ነበር። ሰዉ እንደ ሥራ አደረጃጀት አላየውም፣ እርስ በርስ እንደ መሰላለያ ነው ያየው። አብሮህ ቡና የሚጠጣው ሰው ማታ ምን ሪፖርት እንደሚያደርግ ካላወቅክ በስብሰባ ላይ አሳብ አታወጣም።

ስብሰባን ካነሳሁ አይቀር፣ የዩኒቨርሲቲ ስብሰባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አዳራሹ ሙሉ የተማረ ሰው ነው። አስተያየት ካላችሁ ይባላል። ዝም። ጥያቄ የለም ማለት ነው? ዝም። ስብሰባው ያበቃል፣ ሰዉ ወደ መምህራን ላውንጅ ይሄዳል፣ ማኪያቶው ሳይቀርብ ሁሉም ይናገራል። እዚያ ላውንጅ ውስጥ የሰማሁት አሳብ ቢጻፍ ግቢያችን ይለወጥ ነበር። ዝምታው ከሰማይ አልወረደም። በ1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ሲባረሩ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ያስተማሩኝ ሰዎች ግን ያን አይተዋል፣ እኛንም ሲመክሩን ዝም አይነቅዝም ነበር የሚሉን። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 ስለ አካዳሚክ ነፃነት በግልጽ ይናገራል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፣ አዳራሹ ግን ያው ነው፣ ምክንያቱም የተናገረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሰው የሚማረው ከአዋጅ አይደለም፣ ከጎረቤት ቢሮ ነው።

በግቢያችን ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያቆስለው ግን የኮርስ ድልድል ነው። ውጭ ላለ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። የማታ፣ የቅዳሜና እሑድና የክረምት ኮርስ ገንዘብ ያለው ነው፣ በዚህ ኑሮ ደግሞ ያ ገንዘብ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ማን እንደሚያገኘው የሚወሰነው የት ነው? በስብሰባ ላይ አይደለም። ለኃላፊው ቅርብ የሆነ ሰው ቀድሞ ይሰማል፣ ቀድሞ ይይዛል። አዲሱ ረዳት ምሩቅ የሚደርሰው ሌላው የሸሸው ኮርስ ነው፣ አንዳንዴም ሴሚስተሩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ነው የሚነገረው። እዚህ ላይ የገንዘቡ ማነስ ብቻውን ሰውን አያስቆጣም። በድብቅ መከፋፈሉ ነው የሚያስቆጣው። ትንሽ ነገር በግልጽ ከተከፋፈለ ሰው ይታገሣል፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ያየሁትም አንዲት ሴት የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ በነበረችበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ሥራዋ የኮርስ ድልድሉን በራፏ ላይ መለጠፍ ነበር፣ ማን ባለፈው ዓመት የክረምት ኮርስ እንደያዘ፣ ዘንድሮ ተራው የማን እንደሆነ፣ ከነስሙ። መጀመሪያ ላይ መምህራኑ ተንጫጩ። በሁለተኛው ሴሚስተር ጫጫታው ቀረ፣ ምክንያቱም ሁሉም ተራውን ማወቅ ቻለ። ደብዳቤ ስታስገባ በሳምንቱ መልስ ይደርስሃል። ብዙውን ጊዜ መልሱ አይቻልም ነው፣ ግን ለምን እንደማይቻል አንድ መስመር ተጽፎበታል። ቴክኒሽያኖቹን በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ አስቀመጠች። የሚገዛ ኬሚካል ዝርዝር ሲወጣ ቀድማ የምትጠይቀው ጋሼን ነው፣ መደርደሪያው ላይ ምን እንዳለ፣ የቱ ጊዜው እንዳለፈ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለምና። ዶላሩ ከወጣ በኋላ የኬሚካል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ይህ ልማድ ቢኖረን ምን ያህል በጠቀመን። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ቡና ይፈላል፣ አንድ ሰው የሚሠራውን ነገር ያቀርባል፣ ሌላው ይጠይቃል። ያን ጊዜ የተጀመሩ የምርምር ሥራዎች ናቸው እስካሁን ስማችንን የሚያስጠሩት። ከጽሑፎቹ በአንዱ ላይ የጋሼ ስም ከደራሲዎቹ ጋር ሰፍሯል። ወረቀቱን አትመው ለልጃቸው ሰጥተዋታል።

አንድ ቀን ኃላፊዋ ተቀየረች። ማን ወሰነ፣ ለምን ወሰነ፣ የነገረን የለም። ከላይ ደብዳቤ መጣ፣ አዲስ ሰው ተመደበ። በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በራፉ ላይ ያለው ወረቀት ተነሳ፣ የሐሙሱ ቡና ቀረ። አዲሱ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም። የተረከበው ጽሑፍ ግን የለም። ደህናው ነገር ሁሉ በአንዲት ሴት ጠባይ ላይ የቆመ ነበር፣ እሷ ስትነሳ አብሮ ተነሳ። ትልቁ ችግራችን ይህ ይመስለኛል። ደግ ኃላፊ ሲደርሰን ደህና እንሠራለን፣ ሌላ ሲደርሰን እንተኛለን። ስለዚህ የኮርስ ድልድል በግልጽ እንዲለጠፍ፣ የሠራተኛ ደብዳቤ በተወሰነ ቀን ውስጥ ከነምክንያቱ እንዲመለስ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሲሾምም ሲነሳም ባልደረቦቹ እንዲጠየቁ በየዩኒቨርሲቲው የውስጥ መተዳደሪያ በሆነው የሴኔት ሕግ ውስጥ ይጻፍ፣ በማይፈጽመው ላይም ተጠያቂነት ይኑር። በጀት የሚጠይቅ ነገር የለበትም።

እኛ መምህራንም ለአስተዳደር ሠራተኛው ያለን አመለካከት መታረም አለበት። አስተዳደር የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሚጠቀም ምሁር ብዙ ነው። የተማሪ ምግብ ቤት እናቶች ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው በጨለማ ግቢ ይገባሉ። የተማሪ መኝታ ቤት ተቆጣጣሪው (ፕሮክተሩ) ታሞ የወደቀን ተማሪ እኩለ ሌሊት ተሸክሞ ክሊኒክ ያደርሳል። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ እኛ አዘግይተን ያስገባነውን ውጤት ከተማሪ ስድብ ጋር ትቀበላለች፣ ቅዳሜም ገብታ ትመዘግባለች። ሥልጠና ሲመጣ ለመምህር ነው፣ ምስጋና ሲነገር ለመምህር ነው፣ በምረቃ ቀን ስማቸውን የሚያነሳ የለም። እነሱም በተራቸው የመምህሩን ጉዳይ ዛሬ ነገ እያሉ ያጉላላሉ። አንዱ ሌላውን እያስኮረፈ ስንኖር ዕዳው የሚያርፈው ተማሪው ላይ ነው። የመውጫ ፈተና በ2015 ሲጀመር ብዙ ተመራቂ ሲወድቅ ሁሉም ጣቱን ልጆቹ ላይ ቀሰረ። ሙከራውን በማሽን ሳይሆን በግልበጣ ያለፈ ልጅ ምን ይመልስ?

ስለ ምሁራን ፍልሰትም አንድ ነገር ልጨምር። ውጭ አገር ዶክትሬቱን ጨርሶ፣ ውሉን አክብሮ የተመለሰ ባልደረባ ነበረን። ብዙዎች እዚያው ሲቀሩ እሱ መጣ። ለብዙ ጊዜ ጠረጴዛ አልነበረውም፣ በኔ ወንበር ተራ በተራ እንቀመጥ ነበር። እሱ በዚህ አልተማረረም። ማንም ሰው የማይገባበት የቤተ ሙከራ ክፍል አለ፣ አሮጌ ዕቃ የተከመረበት፣ ክፍሉን ራሴ አጽድቼ ልሥራበት ብሎ ጻፈ። መልስ የለም። ቀርቦ ጠየቀ፣ እየታየ ነው ተባለ። ሴሚስተሩ አለቀ፣ ሌላውም አለቀ። በመጨረሻ ሄደ። ዶላር ጎተተው ይላሉ። እኔ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ አብሬው ነበርኩ፣ ስለ ዶላር አንድም ቃል አላወራም። ሲያወራ የነበረው ስለዚያ ክፍል ነው። ክፍሉ ዛሬም እንደተቆለፈ ነው።

አሁን ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እየሆኑ ነው። አዋጅ 1294/2015 ወጥቷል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኗል፣ ሌሎችም በመንገድ ላይ ናቸው። ደግፌዋለሁ። በነፃነት መቅጠር፣ በጀትን በራስ ማስተዳደር፣ ሠራተኛን በሥራው ልክ መክፈል ይቻላል ከተባለ ብዙ ነገር ይከፈታል። ነገር ግን ነፃነቱ ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ ወርዶ ትምህርት ክፍልና ቤተ ሙከራ ካልደረሰ፣ ለጋሼም ሆነ ለሬጅስትራር ሠራተኛዋ የተለወጠ ነገር የለም። አለቃው ሚኒስቴር መሆኑ ቀርቶ ፕሬዚዳንቱ ይሆናል፣ ያው ነው።

እናንተ ጋዜጠኞች የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶችን ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ ስለ ሕንፃ፣ ስለ ተማሪ ቁጥርና ስለ ደረጃ ትጠይቃላችሁ። አንድ ጥያቄ ጨምሩልኝ። ባለፈው ዓመት ከሠራተኛ ከገባው ደብዳቤና ማመልከቻ ስንቱ መልስ አገኘ በሏቸው። አናውቅም እንዳይሉ፣ በየዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት አለ፣ መዝገብ ቤት ደግሞ የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ አለው፣ ቀኑም ቁጥሩም ተጽፎበታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መቁጠር ነው። አንድ ፕሬዚዳንት ቁጥሩን ይፋ ካደረገ፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ዝቅተኛ ቢሆን፣ ለእኔ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። የሚነግራችሁ ካገኛችሁ እባካችሁ በፊት ገጽ አውጡት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የኬሚስትሪ መምህር
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ ተገልጿል)